የተከራየ ቤት ጉዳትና የካሳ ጥያቄ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች

በጎንደር ከተማ የሰኔና የሐምሌ ወራት ብዙ ቁልፎች ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉባቸው ናቸው። የበጀት ዓመቱ ማብቂያ በመሆኑ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃውን ይጭናል፤ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ኪራይ የተጨመረበት ቤተሰብም ዝቅ ያለ ቤት ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ወቅት አከራዩ ባዶውን ክፍል ከፍቶ ሲመለከት የተሰነጠቀ ሊሾ፣ የተገነጠለ የበር መቀርቀሪያ፣ የተቃጠለ ሶኬት ወይም በጥላሸት የጠቆረ ግድግዳ ሊያገኝ ይችላል። ‹‹ይህን ያበላሸው ተከራዩ ነው›› የሚለው አከራይና ‹‹ስገባም እንዲሁ ነበር›› የሚለው ተከራይ መሟገት የሚጀምሩትም በዚሁ ዕለት ነው።

ክርክሩ ለውጭ ተመልካች ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአካባቢው ካሉት አከራዮች ብዙዎቹ ባለሕንፃዎች ሳይሆኑ በግቢያቸው ውስጥ ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ጡረተኞች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶችና አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ለእነዚህ ወገኖች የአንድ ክፍል ጥገና የብዙ ወራት ኪራይ ሊበላ ይችላል። በተከራዩ በኩልም ቢሆን ያላጠፋውን ክፈል መባል ለአንድ ደመወዝተኛ የቤተሰቡን ቀለብ የሚነካ ጉዳይ ነው።

በመሆኑም ጥያቄው ማን ያሸንፋል የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። የክርክሩ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ተከራዩ በሚወጣበት ቀን ሳይሆን በገባበት ቀን በተያዘው ማስረጃ ስለሆነ፣ አከራይ፣ ተከራይና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ትኩረታቸውን ወደዚያ ማዞር ይኖርባቸዋል።

የኋላ ታሪኩ

የከተማ ኪራይ ግንኙነት በኢትዮጵያ ረጅም መቋረጥ የደረሰበት ዘርፍ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በወቅቱ እስከ 300 ብር የነበሩ ኪራዮች እንዲቀነሱ ሲደረግ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌዎች ሥር ወደቁ፤ ከፍ ያለ ኪራይ ያላቸው ደግሞ በማዕከላዊ መንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር እንዲተዳደሩ ተደረገ። በግል አከራይና በተከራይ መካከል የነበረው የሕግ ግንኙነትም በዚሁ አከተመ።

ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ‹‹የቀበሌ ቤት›› የሚለው አነጋገር ከኢትዮጵያ ከተሞች ቋንቋ አልጠፋም። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት በመቆየቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩም ቤቱን እንደ ራሱ ቢኖርበትም እንደ ራሱ የመጠገን ግዴታ አልተሰማውም። በዚህ ሁኔታ ግድግዳ ሲፈርስ እርጅና ይሁን አያያዝ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ የጉዳቱ ባለዕዳም ሕዝብ ይሆናል።

የግል ኪራይ እንደገና ሲፈቀድና ሲስፋፋ በብዙ ቦታ የተመሠረተው በቃል ስምምነት፣ በደላላ ምስክርነትና በመተማመን ላይ ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. በተቋቋመው የጤና ትምህርት ቤት ላይ ያደገ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ በመሆኗ፣ ደባርቅም የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗ፣ ከሩቅ የመጡ ሠራተኞችንና ተማሪዎችን በኪራይ ያስተናግዳሉ። የሚተዋወቅ ሰው ለሚተዋወቅ ሰው ያከራይ በነበረበት ጊዜ የሠራው መተማመን፣ ለሁለት ዓመት ተቀምጦ ወደማይታወቅ ቦታ ለሚዛወር ተከራይ በቂ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ምን ይበላሻል? ለምንስ?

በአካባቢው ያሉ ብዙ የኪራይ ክፍሎች በባሕር ዛፍ ማገር ቆመው በጭድ ጭቃ የተመረጉና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። እንዲህ ያለው ግድግዳ በአግባቡ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። ነገር ግን ረጅም ሚስማር ሲመታበት ምርጊቱ ይረግፋል፤ ግርጌው በልብስ እጣቢ ሲርስ ደግሞ ማገሩ ይበሰብሳል።

ሁለተኛው የጉዳት ምንጭ ኤሌክትሪክ ነው። ለመብራትና ለሬዲዮ ታስቦ በተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ አልፎ አልፎም እሳት ይነሣል። ሦስተኛው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ቧንቧውን ከፍቶ ውኃ ያጣ ተከራይ ሳይዘጋው ወደ ሥራ ቢሄድ ውኃው በሌለበት ሰዓት ይመጣል። ወለሉ፣ ኮርኒሱና የጎረቤት ክፍል ሳይቀር የሚጎዱት በዚህ ዓይነት ቸልተኝነት ነው።

እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ደጋማ ከተሞች ደግሞ ብርዱ የራሱ ድርሻ አለው። ተከራዩ ከሰል ወይም እንጨት ክፍሉ ውስጥ ያነዳል፤ ጭሱም ቀለሙን ያጠቁራል። ጠላ ለመጥመቅ ወይም ምግብ እያበሰሉ ለመሸጥ የመኖሪያ ክፍልን እንደ ንግድ ቤት መጠቀምም ክፍሉ ካልተሠራበት ዓላማ ውጭ እንዲያገለግል በማድረግ ጉዳቱን ያፋጥናል።

ይሁንና የሚታየው ብልሽት ሁሉ የተከራዩ ጥፋት አይደለም። በክረምት የሚያፈስ የዛገ ቆርቆሮ፣ በምስጥ የተበላ ምሰሶ፣ በዓመታት ብዛት የደበዘዘ ቀለም የዕድሜ ውጤቶች ናቸው። በረዶ የሰባበረው መስኮት ወይም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ወቅት እንደ አዳርቃይና ዳባት ባሉ ወረዳዎች በውጊያ የተጎዳ ቤትም በተከራዩ ጥፋት የተበላሸ ነው ሊባል አይችልም።

ሕጉ የሚለው

ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2945 አንሥቶ የቤት ኪራይን በተለይ ይመለከታል። የሕጉ መሠረታዊ ሐሳብ ሸክሙን ለሁለቱም ወገኖች የሚያከፋፍል ነው። ተከራዩ ቤቱን በጥንቃቄ መያዝና እንደ በር፣ መስኮት፣ ወለልና የውኃ ቧንቧ ያሉትን ከዕለት ተዕለት አጠቃቀም ጋር የተያያዙ ጥገናዎች ማከናወን ይጠበቅበታል። ከዚህ ያለፈው ጥገና የአከራዩ ነው። ከተከራዩ ከሚጠበቁት ውስጥም ቢሆን በቤቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተፈጠሩት በተከራዩ ላይ አይወድቁም።

የካሳው መጠንም በንዴት የሚተመን አይደለም። በሕጉ ቁጥር 1799 እንደተመለከተው ካሳው የሚለካው ውሉ ባለመፈጸሙ ምክንያት በመደበኛ ሁኔታ ሊደርስ በሚችለው ጉዳት ነው። ለአብነት ያህል አዲስ ሲገዛ 8 ሺህ ብር የሚያወጣ በር በተከራዩ ጥፋት ተሰበረ እንበል። በሩ ከአገልግሎት ዘመኑ ግማሹን የጨረሰ ከሆነ አከራዩ ያጣው ግማሽ ዕድሜ የቀረው በር ነው። ስለዚህ የአዲስ በር ሙሉ ዋጋ መጠየቁ ከጉዳቱ በላይ መጠየቅ ሲሆን፣ ምንም አለመክፈልም ጉዳቱን በአከራዩ ላይ መጣል ይሆናል።

ጉዳት ደርሶብኛል የሚለው ወገን ኪሣራው እንዳይባባስ ተገቢውን ጥረት ማድረግ እንዳለበትም ቁጥር 1802 ያስገድዳል። የተሰበረ ቧንቧ እያየ ለወራት ውኃው እንዲፈስ የተወ አከራይ በራሱ ዝምታ የተጨመረውን ጉዳት ከተከራዩ ሊያስመልስ አይችልም።

ሆኖም እነዚህ መብቶች ሁሉ ከማስረጃ በፊት አይሠሩም። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር የማስረዳት ሸክም አለበት። ቤቱ ሲሰጥ ደኅና እንደ ነበረ የሚያሳይ ነገር ያልያዘ አከራይ፣ ጉዳቱ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ፍርድ ቤት ፊት ባዶ እጁን ይቆማል።

ቅድሚያ ክፍያ፣ ዋስና የርክክብ ሰነድ

በብዙ አከራዮች ዘንድ ያለው የመጀመሪያው ስሕተት ቅድሚያ ክፍያን እንደ መያዣ መቁጠር ነው። የሁለት ወይም የሦስት ወር ቅድሚያ የተቀበለ አከራይ ገንዘቡ በኪራይነት ወር በወር የሚታሰብ በመሆኑ ተከራዩ በሚወጣበት ጊዜ በእጁ የሚቀር ነገር የለም። ለጉዳት የሚያዝ ገንዘብ ካለ ከኪራዩ ተለይቶ፣ መጠኑና የሚመለስበት ሁኔታ በውሉ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ሕግ የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ ባስቀመጠበት ቦታም ይህንኑ ጣሪያ ማለፊያ ዘዴ መሆን አይገባውም።

ሁለተኛው ስሕተት ዋስን ይመለከታል። ‹‹ላጠፋው ሁሉ እኔ አለሁ›› የሚል ዋስ መጥራት በአካባቢው ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ነገር ግን ዋስትና በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ቁጥር 1725 ሲያዝ፣ ቁጥር 1922 ደግሞ የዋስትናው ገንዘብ ልክ ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ‹‹ላጠፋው ሁሉ›› የሚለው ቃል ሰፊ ስለመሰለ ብርቱ ቢመስልም፣ ‹‹እስከ 20 ሺህ ብር ድረስ›› የሚል አንድ ሐረግ ስለጎደለው ብቻ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የርክክብ ሰነዱ ነው። ሰነዱ የሕግ ባለሙያ የግድ አይፈልግም። የክፍሎቹ ቁጥር፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የኮርኒሱ ሁኔታ፣ የበርና የመስኮት መስታወቶች፣ የሶኬቶችና የማብሪያ ማጥፊያዎች ብዛት፣ የቧንቧና የሽንት ቤት ደኅንነት፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የተሰጡት ቁልፎች ቁጥር በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ምጣድ መሰካት የሚቻልበትና የማይቻልበት ሶኬትም በዚሁ ሰነድ ይለያል። አስቀድሞ የነበረ ስንጥቅና ንቃይ ሳይደበቅ ይጻፋል። ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ በስልክ የተነሡ ፎቶግራፎችም ታትመው ቀን ተጽፎባቸው ይያያዛሉ።

ይህ ሰነድ የአከራዩ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ‹‹የሰሜኑ ግድግዳ ሲረከብ ስንጥቅ ነበረበት›› የሚል አንድ መስመር ተከራዩን ካላጠፋው ጥፋት ነጻ ያወጣዋል። በኪራዩ ዘመን የሚታይ ብልሽትንም ተከራዩ ወዲያውኑ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ለአከራዩ ማሳወቁ በኋላ ‹‹ደብቀህ አባባስከው›› ከመባል ይጠብቀዋል።

አዲሱ አዋጅ የጨመረው ክብደት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ዘመን እንዲኖረው፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተፈጻሚነቱ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልሎችም ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በመሆኑም በየከተማው ያለ አከራይና ተከራይ ከመዋዋሉ በፊት አዋጁ በከተማው የሚሠራ መሆኑን ከአስተዳደሩ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በውሳኔው ባልተካተቱ ቦታዎች የፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሆኖ ይቀጥላል።

አዋጁ ተከራዩን በዘፈቀደ ከመባረር የሚጠብቅ ሲሆን፣ በቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስ ግን አከራዩ ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጥ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ድንጋጌ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ማስረጃ ያለው አከራይ ንብረቱን ከሚያወድም ተከራይ ይድንበታል። ማስረጃ በሌለበት ግን የኪራይ ጭማሪ ገደቡን ለማለፍ የሚፈልግ አከራይ የቆየ ስንጥቅ እያሳየ ቤተሰብን ከቤት ለማስወጣት ሰበብ ሊያደርገው ይችላል። የርክክብ ሰነድ የሌለው አከራይ የግድግዳውን ዋጋ ያጣል፤ የርክክብ ሰነድ የሌለው ተከራይ ደግሞ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

በሌሎች አገሮችም መፍትሔው ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። በፈረንሳይ ተከራዩ ሲገባና ሲወጣ የቤቱ ሁኔታ በጋራ ይመዘገባል፤ በጀርመን የመያዣ ገንዘብ ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተገድቧል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራዮች የተከራዮቻቸውን መያዣ በተፈቀደላቸው የጥበቃ ተቋማት ሥርዓት ውስጥ እንዲያስገቡ ይገደዳሉ። እንዲህ ያለ ተቋም ባልተደራጀበት አገር የመጀመሪያውን እርምጃ፣ ማለትም የጋራ ምዝገባውን፣ መውሰድ ግን ከወረቀትና ከብዕር ያለፈ ወጪ አይጠይቅም።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ

ጉዳት መድረሱ ከታወቀ አከራዩ የመጀመሪያ ሥራው ተከራዩ ወይም ወኪሉ ባለበት ከርክክብ ሰነዱ ጋር እያነጻጸረ መመዝገብ ነው። ቀጥሎ ተከራዩ እንዲጠግን ወይም እንዲከፍል በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ይገባዋል፤ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃልና። የአናጺ፣ የግንበኛ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ የዋጋ ግምትና የዕቃ መግዣ ደረሰኞችም ለካሳው ልክ ማስረጃ ይሆናሉ።

ልዩነቱ በሽማግሌ ከተፈታ መልካም ነው። የሽምግልና ውጤት ግን በቃል መቅረት የለበትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት ተዋዋዮች የደረሱበት የግልግል ስምምነት በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር በመሆኑ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሚከፈልበት ቀን ተጽፎ ቢፈረም ሁለተኛ ክርክር አይነሣም። ካልተስማሙም በቀበሌ ደረጃ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ባለበት አነስተኛውን ጥያቄ፣ ከዚያ ከፍ ያለውን ደግሞ በወረዳ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። በቁጥር 1845 የተመለከተው መደበኛ የይርጋ ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆንም፣ ምስክር ከተበተነና ግድግዳው ከታደሰ በኋላ የሚቀርብ ክስ አቅሙ የደከመ ነው።

ማድረግ የማይገባውም በግልጽ ሊታወቅ ይገባል። በተከራዩ ላይ በር መቆለፍ፣ ዕቃውን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ውኃና መብራት መቁረጥ የካሳ ማስከፈያ መንገዶች አይደሉም። ይዞታው በኃይል የተነጠቀ ሰው በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው እንዲመለስለትና ካሳ እንዲከፈለው መክሰስ ይችላል። ካሳ ሊጠይቅ የነበረው አከራይ በዚህ አኳኋን ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ይገኛል።

የተከራዩን መሥሪያ ቤት ‹‹ከደመወዙ ቁረጡልኝ›› ብሎ መጠየቅም የተለመደ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ያለ ራሱ የጽሑፍ ስምምነት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሕግ ድንጋጌ እንደማይያዝ በመንግሥት ሠራተኞች ሕጎች ሲደጋገም የኖረ መርህ ነው። የሰው ሀብትና የፋይናንስ ኃላፊዎች ለአከራዩ ቢያዝኑም መንገዱን ከማሳየት አልፈው መቁረጥ አይገባቸውም። ፖሊስ ጣቢያም ቢሆን ለሁሉም ጉዳት መፍትሔ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 689 የሚያስጠይቀው ሆን ብሎ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ሲሆን፣ በመርሳት ክፍት የተተወ ቧንቧ ግን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

በዚህ ረገድ መንግሥት ዳኛ ብቻ ሳይሆን ራሱም ባለጉዳይ ነው። የቀበሌ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ጽሕፈት ቤቶች አከራይ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት አዲስ ተከራይ ሲገባበት ሁኔታው ካልተመዘገበ ለሕዝብ ንብረት መጥፋት ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይገኝም። ቤት ተከራይተው የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ተከራዮች ናቸው። ለቢሮ ሲባል ግድግዳ ይፈርሳል፤ ከፋይ ይገባል፤ ለታፔላ ኮንክሪት ይበሳል። መሥሪያ ቤቱ ለቆ ሲወጣ ባለቤቱ የማደሻ ገንዘብ ቢጠይቅ ‹‹በጀቱ ተዘግቷል›› የሚል ምላሽ እንዳይሰጠው፣ የመልቀቂያ ጥገና ወጪ ውሉ በሚያበቃበት ዓመት በጀት አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

የከተማ አስተዳደሮችና ቀበሌዎች አንድ ወጥ የርክክብ ቅጽ አዘጋጅተው ከኪራይ ውሉ ጋር አብሮ እንዲሞላ ቢያደርጉ፣ የሚመዘገብ ውል በሚቀርብበት ጊዜም ቅጹ ተያይዞ መሆኑን ቢጠይቁ፣ ብዙ ክርክሮች ከመወለዳቸው በፊት ይቀራሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ከግቢ ውጭ የሚኖሩ ተማሪዎቻቸው ቅጹን እንዲያውቁት ማድረግ ይችላሉ። ለሥራ ወደ ከተማዋ የመጣ ሠራተኛም በመጀመሪያው ቀን ለግማሽ ሰዓት ከአከራዩ ጋር ክፍል በክፍል ቢዞር፣ በመጨረሻው ቀን ቁልፉን ያለ ክርክር አስረክቦ ለመሄድ ያስችለዋል። አከራዩም ቀጣዩን ተከራይ የሚቀበለው ባለፈው ሰው ላይ ባሳደረው ቂም ሳይሆን በእጁ በያዘው ሰነድ ይሆናል።